ከሐረጎ ማዶ የነበረው ኒካህ

መኪናዋ መሞቅ የጀመረችው ሚሌ ሳንደርስ ነው። ለእህቴ አልነገርኳትም። ጠቋሚዋ ወደ ቀዩ ስትጠጋ መሪው ላይ የተደገፍኩ መስዬ በክንዴ ከለልኳት። ከጅቡቲ ከወጣን ጀምሮ ይቺ መኪና ሽታዋ አላማረኝም እያለች ስለመጣች፣ አሁን ልክ ነሽ ማለት ተናነቀኝ።

እህቴ ታላቄ ናት። ጅቡቲ የገባችው በልጅነቷ ተድራ ነው። ባሏ በአባታችን ወገን ዘመድ ነበር፤ የእሱም አያቶች እንደኛ አያቶች ከየመን የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። እሱ ሞተ፣ ልጆቿ በየአገሩ ተበተኑ፣ እሷ ከአንድ ሳጥንና ከፍራሾቿ ጋር ቀረች። ስለዚህ እኔ ሄጄ ላመጣት፣ ለሟቹ ወንድማችን ልጅ ኒካህ እንድትደርስ፣ ከዚያም ደሴ እኔ ቤት እንድትኖር ተስማማን። አውሮፕላን አልሳፈርም አለች። ቤተሰቡ በአውቶቡስ ሂድና በአውቶቡስ ይዘሃት ና አለኝ። እኔ ደግሞ መኪና እያለኝ እህቴን ከነዕቃዋ በሰው መኪና አላስጭንም አልኩ። ፒካፗ ዕድሜዋ ከምትዳረዋ ልጅ ይበልጣል። ይህን ሁሉም ነግረውኛል። ሰው የሚያውቀውን ነገር ደጋግመው ሲነግሩት ደስ አይለውም።

ኒካሁ ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ ነበር። አባቷ በሕይወት ስለሌለ፣ ወንድምም ስለሌላት፣ ወሊዋ እኔ ነኝ፤ ልጅቷን ለባሏ የምሰጣት እኔ ነኝ ማለት ነው። ያለ እኔ ኒካህ የለም። ነገሩ ደግሞ ቀድሞም ተላልፏል፣ አንዴ በሐዘን፣ አንዴ በመንገድ መዘጋት። የሙሽራው ወገኖች የቢስቲማ ሰዎች ናቸው። ደግ ናቸው፣ ግን ኩሩ ናቸው። እንደገና ከተላለፈ እምቢ እንዳላችሁን እንቆጥረዋለን ብለው ሽማግሌያቸው ፊት ለፊቴ ነግረውኛል። አልፈርድባቸውም። እኔም ብሆን እንደዚያው እል ነበር።

በእኛ ዘንድ ኒካሁ ከመታሰሩ በፊት ወሊው ምስክሮች አስከትሎ ልጅቷ ወዳለችበት ክፍል ይገባል። እገሌ ለሚባል ሰው ልዳርሽ ወይ ብሎ ይጠይቃታል። ልጃገረድ አዎ ብላ አትመልስም፣ ታፍራለች። ዝም ትላለች፣ ዝምታዋ እሺታ ነው። ስንቱ ኒካህ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ዝምታም ከዝምታ ይለያል። አንዷ አንገቷን ደፍታ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ሳቋን ይዛ ዝም ትላለች። ሌላዋ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ዝም ትላለች።

የወንድሜ ልጅ ነገሩ ከተጀመረ ወዲህ ቃል አልወጣትም። ቦሩ ሜዳ ነው የምትሠራው፤ በጠዋት በሚኒባስ ሄዳ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች፣ ትገባለች፣ ሹራቧን አውልቃ ዕቃ ታጥባለች። ሴቶቹ አፍራ ነው አሉ። እኔም አፍራ ነው አልኩ። በዕለቱ ፊቷን አይቼ እጠይቃታለሁ ብዬ ለዚያ ቀን አቆየሁት። ይዤው ጅቡቲ ድረስ ሄድኩ፣ ይዤው ተመለስኩ።

ድንበሩ ላይ፣ ጋላፊ ኬላ፣ የተሳቢዎቹ ሰልፍ ጫፉ አይታይም ነበር። ፀሐይዋ ከላይም ትመጣለች፣ ከአስፋልቱም ትመጣለች። ፈታሾቹ የእህቴን ሳጥን ክፈቱ አሉን። ገመዱን የቋጠረችው ራሷ ናት፣ አልፈታ አለ። አንዱ ወጣት ፈታሽ በጥርሱ ሊሞክር ጎንበስ ሲል፣ ልጄ ጥርስህን ለሠርግህ አቆየው አለችው። ሳቀና በእጁ ታገለ። ሽቶ ወጣ፣ ተምር ወጣ፣ ለሙሽራዋ የተገዛ ጨርቅ ወጣ፣ ከሥር የባሏ ኮቶች ወጡ። ኮቶቹን ለምን ታመጫቸዋለሽ አልኳት። ደሴ ይበርዳል አለች። ከዚያ ሁሉንም መልሳ አጣጠፈች፣ አንድ በአንድ፣ በዚያ ሙቀት። እኔ ጥላ ፍለጋ የመኪናውን ጎን ተከትዬ እዞራለሁ። ጥላውም ከእኔ ጋር ይዞራል፣ አይበቃኝም።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ነው መሞቅ የጀመረችው። ሜዳው ላይ ጥግ ይዤ አቆምኩና ቦኔቱን ከፈትኩ። ሞተር እስኪበርድ ይጠበቃል፤ ይህን የማያውቅ ሹፌር የለም። ግን የት ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ? ዛፍ የለም፣ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ነው። ከጄሪካኑ ውሃ ደፋሁባት። ብረቱ ቸስ አለ፣ እንፋሎቱ ፊቴን ገርፎ ወደ ኋላ መለሰኝ። እህቴ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ምንድን ነው የጮኸው አለች።

"ውሃ ጠምቷት ነው" አልኳት።

ሚሌ አደርን። እዚያ በሙቀቱ ምክንያት አልጋ የሚዘረጋው ግቢ ውስጥ ነው፣ ሰማይ ሥር። እህቴ ወዲያው ተኛች። እኔ ጀርባዬ አላስተኛ አለኝ፣ ወገቤ ከመቀመጫው ጋር የተሰፋ ይመስል ነበር። ሐሙስ ማለዳ ስንነሳ ራዲያተሩ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ሞላሁት። እየቆምኩ እያጠጣሁ ባቲ ደረስን። ባቲን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ጉልበቷ አለቀ። ነዳጅ ብረግጥ አትሰማም። ከኋላ ነጭ ጭስ ብቻ ትለቃለች። ከዚያ ቀጥ አለች።

እህቴ ወርዳ ጄሪካን ገልብጣ ግራር ሥር ተቀመጠች። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር። የሚያልፉት መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ፣ እጃቸውን እያወዛወዙ ያልፋሉ። በስተመጨረሻ ጨው የጫነ ሹፌር ቆመልንና በገመድ ጎተተን። ሞተር የጠፋበት መኪና ሲጎተት መሪውም ፍሬኑም ድንጋይ ይሆናል። ከፊትህ የጨው ክምር፣ ከጎንህ ገደል፣ ገመዱ አንዴ ይላላል አንዴ ይወጠራል። እህቴ ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ እንዳለች ነው ኮምቦልቻ የገባነው። ከመኪናዋ ስወርድ በሩን ተደግፌ ቆምኩ። ከዚያ ወዲያ ደሴ የሚቀረው የሐረጎ ዳገት ብቻ ነው። ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ መጥቶ በር ላይ መውደቅ ማለት ይኸ ነው።

ጋራዡ ቦርከና ወንዝ አጠገብ ነው። መካኒኩ ጎልማሳ ነው፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ አስሯል፣ አፉ አያርፍም።

"ሃጂ፣ ከየት ነው የመጡት?"

"ከጅቡቲ።"

"እሷ ናት እርስዎን ያመጣችው፣ ወይስ እርስዎ እሷን?"

ሃጂ አይደለሁም፣ መካ አልሄድኩም አልኩት። በዚችማ አይሄዱም አለኝ።

የዘይት መለኪያውን መዘዘና ለእኔ ሳይሆን ለእህቴ አሳያት። ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። ውሃና ዘይት ተደባልቋል አለ፤ ቴስታታው፣ ማለት የሞተሩ ጭንቅላት፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ተቃጥሏል፤ ጭንቅላቱ ወርዶ ማሸጊያው መቀየር አለበት። ከዚያ ሞቃ ሳለች ውሃ ጨምራችሁባት ነበር እንዴ ብሎ ጠየቀ። እህቴ አየችኝ።

"ጠምቷት ነበር" አለችው።

ገና ረፋድ ነበር። መካኒኩ የመከረን ማንም አእምሮ ያለው ሰው የሚመክረውን ነው። መኪናዋን ለእኔ ተውልኝ፣ ሚኒባስ ያዙና ውጡ፣ ሠርጋችሁን አድርሳችሁ ነገ ኑ አለ። እህቴ ቦርሳዋን አንስታ ቆመች። እኔ ተቀመጥኩ። የሙሽራዋ ጨርቅ ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ሳጥኑ መኪናው ላይ ነው፣ ጥዬው አልሄድም አልኩ። ሳጥኑን በሚኒባሱ ላይ እናስጭናለን አለች። እሺ ሳጥኑስ ይሁን፣ ወሊው በሠርጉ ቀን እየተጋፋ ከሚኒባስ ሲወርድ ሰው ምን ይላል አልኩ።

"ምን እንደሚል ልንገርህ? 'ነግረነው ነበር' ይላል። እሱን ላለመስማት ነው እዚህ የተጎለትከው።"

እውነቷን ነው። ወላሂ፣ ደሴ ገብቼ የዚያን ሁሉ ዘመድ ፊት ከማይ፣ በዚያ ጋራዥ ዘይት ላይ ብተኛ ይቀለኝ ነበር። አንቺ ሂጂ አልኳት። ካንተ ጋር ወጥቼ ብቻዬን ምን ብዬ ልግባ ብላ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠችው።

ማሸጊያው ኮምቦልቻ ሱቆች ውስጥ ጠፋ። መካኒኩ ደሴ ደወለ፣ እዚያ ተገኘ፣ ለሚኒባስ ሹፌር ሰጥተው ሊልኩት ሆነ። ቶሎ ከደረሰ ከአስር በፊት ምናልባት ትነሳለች አለኝ። እሱ ምናልባት ያለውን እኔ ትነሳለች ብዬ ሰማሁ። ለቤተሰቡ ደወልኩና እየመጣን ነው አልኩ፤ ከኋላ የሙሽራዋ ጓደኞች ሲዘፍኑ ይሰማል። የት ደረሳችሁ አሉኝ። ኮምቦልቻ ነን፣ ምሳ በልተን እንነሳለን አልኩ። ምሳም አልበላንም።

ካርቶን አንጥፌ የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ሰገድኩ። ከሱጁድ ቀና ስል ወገቤ እንቢ አለኝ፣ ትንሽ እንደተደፋሁ ቆየሁ። ሰው አይቶኝ ቢሆን ዱዓ የማበዛ ይመስለው ነበር።

ሚኒባሱ ቀረ። መካኒኩ ሲደውል ሹፌሩ ሐረጎ ላይ ቆሜያለሁ አለው። ነዳጅ የጫነ ቦቴ ጠመዝማዛው ላይ ተገልብጧል፣ ነዳጁ በመንገዱ እየወረደ ነው፣ ከላይም ከታችም ተዘግቷል።

ያኔ ነው ግትርነቴ የለቀቀኝ። አሁን ልሂድ አልኩ፣ በምንም ልሂድ። እህቴን ከሳጥኗ ጋር ጋራዡ ውስጥ ትቼ ባጃጅ ያዝኩ። ከከተማው ወጣ እንዳልን መኪናው ሁሉ ቆሟል፤ ሹፌሮች ጎማ ሥር ድንጋይ አስገብተው ጥላው ላይ ተኝተዋል። ባጃጁ በጠርዝ በጠርዝ መንገዱን የዘጉት ፖሊሶች ጋ አደረሰኝ። የነዳጁ ሽታ ከሩቅ ይመጣል። በእግሬ ልለፍ አልኩ። ፖሊሱ ልጅ እግር ነው፣ ትሁት ነው፣ ግን አይሆንም አለ። ልጄን የምድርበት ቀን ነው አልኩት።

"አባባ፣ አንድ ሰው ክብሪት ቢጭር የምንዳር ሁላችንም ነን" አለኝ።

በጎን ለመውጣት ዳገቱን አየሁት። ወጣት ብሆን እወጣው ነበር። አሁን ግን ከባጃጁ ወርጄ ፖሊሱ ጋ ለመድረስ እንኳ ትንፋሼ አጥሮኛል። የመጣሁበትን ባጃጅ ይዤ ተመለስኩ። በመንገድ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ወደ ደሴ ሲጣሩ የነበሩት ሚኒባሶች ትዝ ይሉኛል፤ ደሴ፣ ደሴ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ሲሉ። በአጠገቤ ነበር የሚጮኹት።

ጋራዡ ስደርስ መካኒኩ ቴስታታውን አውርዶ ካርቶን ላይ አስቀምጦታል። ሞተሩ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። እህቴ ሳጥኗ ላይ ተቀምጣለች። ፊቴን አየችና ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሰጠችኝ። ከሐረጎ በላይ ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ይታያል። እዚያ ሥር፣ ደሴ፣ ድንኳን ተጥሏል፣ ሰው ተሰብስቧል፣ እኔን ይጠብቃል።

አስር ከተሰገደ በኋላ ስልኬ ጮኸ። ኒካሁን የሚያስሩት ሼህ ናቸው። መንገዱን ሰምተዋል፤ ከአላህ የመጣ ነው፣ አብሽር፣ አይዞህ አሉኝ። ከዚያ ነገሩን አቀረቡልኝ። ወሊ መድረስ ካልቻለ ወኪል ማድረግ ይችላል፣ ሸሪዓው ይፈቅዳል፤ አንተ በስልክ ወክዬሃለሁ በለኝ፣ ምስክሮች ይስሙ፣ እኔ በአንተ ቦታ ሆኜ እሰጣታለሁ አሉ። የቢስቲማ ሰዎች መንገዳቸው በሌላ በኩል ነው፣ ግን ሳይመሽ መውጣት አለባቸው፣ ከመሸ ኬላ አያሳልፍም። ሽማግሌያቸው ከሼሁ ጎን ሆነው ሲያጉረመርሙ እሰማቸዋለሁ።

እምቢ አልኩ። በስልክ እህል ይሸጣል፣ በግ ይሸጣል፣ ልጅ አትሰጥም አልኩ።

ሼሁ ታገሱኝ። ሽማግሌው ግን ስልኩን ተቀበሉ። እሳቸውም የእኔ እኩያ ናቸው፣ እሳቸውም ደክሟቸዋል፣ ድምፃቸው ያስታውቃል።

"ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሐዘን ነው አላችሁ፣ አብረን አለቀስን። ቀጥሎ መንገድ ነው አላችሁ፣ ታገስን። ዛሬ መጥተን ቤታችሁ ተቀምጠናል። መስጠት ካልፈለጋችሁ በአፋችሁ ንገሩን፣ እንሂድ።"

እህቴ ስልኩ ላይ ጆሮዋን አስጠግታ ትሰማ ነበር። ክንዴን ያዘችኝ። ይኸ ደግሞ ግትርነት አይደለም፣ ሌላ ነገር አለብህ፣ ምንድን ነው አለችኝ። ስልኩን በእጄ ከድኜ፣ ለማንም ያልነገርኩትን እዚያ የተፈታው ሞተር አጠገብ ነገርኳት። ልጅቷ አፍራ ዝም ማለቷን ወይም ከፍቷት ዝም ማለቷን አላውቅም አልኳት። ፊቷን ሳላይ ዝምታዋን እሺታ ብዬ ብወስድባት፣ ነገ ሞቼ ሳገኘው አባቷን ምን እለዋለሁ?

እህቴ ክንዴን ለቀቀችው። በእኔም ጊዜ የጠየቀኝ አልነበረም አለች። ደግ ባል ገጠመኝ፣ አልሃምዱሊላህ፤ ግን የጠየቀኝ አልነበረም። ከዚያ ታዲያ ጠይቃት አለችኝ፤ ዛሬ ፊቷን አታይም፣ አፏን ጠይቀው።

ሼሁን ጠራኋቸው። ስልኩን ልጅቷ ክፍል አስገቡልኝና ለእሷ ስጧት፣ ሴቶቹ ሁሉ ይውጡ አልኩ። ጉርምርምታ ተነሳ። ሴቶቹ ነውር ነው አሉ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም አሉ። ካልወጡ ወኪል የለም አልኩ። ሼሁ ሰሙኝና አስወጧቸው። በሩ ሲዘጋ ሰማሁ።

"ሰላሙ አለይኩም" አልኳት።

"ወአለይኩም ሰላም፣ አባ። ደከመዎት?"

ደክሞኛል አልኳት። ከዚያ በወጉ ጠየቅኳት፣ እንደሚጠየቀው፣ የሰውየውን ስም ከነአባቱ ጠርቼ። ዝም አለች። ደግሜ ጠየቅኳት። ዝም አለች። ክፍሉ ውስጥ ብሆን አንገቷን አያለሁ፣ እጇን አያለሁ። በስልክ ዝምታ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? ኔትወርክ ሊሆን ይችላል።

"ሃሎ" አልኩ።

"አለሁ፣ አባ።"

"እንግዲያው ዝም አትበይኝ። አላይሽም።"

ትንፋሿን እሰማለሁ። ከእኔ በኩል መካኒኩ መፍቻውን መሬት ሲያስቀምጥ ሰማሁ፤ ቀስ ብሎ ነበር ያስቀመጠው።

"እምቢ ብልስ?" አለች፣ በቀጭኑ።

እውነቱን ልጻፍ፤ የታረደው በሬ ታየኝ። ድንኳኑ ታየኝ። ከቢስቲማ የመጡት ሰዎች ነጭ ጋቢያቸውን አስተካክለው ሲነሱ ታየኝ።

"እምቢ ካልሽ ስልኩን ለሽማግሌው ስጪያቸው። ልጄ እምቢ ብላለች እላቸዋለሁ። የቀረበላቸውን በልተው፣ ዱዓ አድርገው ይሄዳሉ።"

"ሰዉስ?"

"ሰው በእኔ ሲናደድ የመጀመሪያው አይደለም።"

አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። ወይ ስቃለች፣ ወይ አልቅሳለች። ሁለቱም ይመስለኛል።

"እፈልገዋለሁ፣ አባ። ከበፊቱም እፈልገዋለሁ። ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ አፍራ ነው፣ አፍራ ነው እያላችሁ እኔ እያለሁ በላዬ ስታወሩ ነበር። እርስዎም አልጠየቁኝም። ታዲያ ባልፈልግስ ኖሮ ለማን ነበር የምናገረው እያልኩ ስናደድ ከረምኩ።"

"ልጠይቅሽ ነው ስመጣ የነበረው" አልኳት።

"ዘገዩ" አለችኝ።

ዘገየሁ። ሌላ ምን እላለሁ። ሼሁን ጥሪልኝ አልኳት።

ሼሁ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው መሃል ላይ አስቀመጡት። አንዱ ከቢስቲማ የመጣ ሰው፣ ይኸ ድምፅ የወሊው መሆኑን በምን እናውቃለን ብሎ ጠየቀ፤ በስልክ ስንት ማታለል አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሽማግሌው ናቸው የመለሱለት። ከአስር ጀምሮ ቁጭ አድርጎ እምቢ እምቢ ሲለን የዋለ ሰው ነው፣ በዚህ አገር ሌላ እንዲህ ያለ የለም፣ እመሰክራለሁ አሉ። ሳቅ ሆነ። እኔም ባልደክም እስቅ ነበር።

ወክያለሁ አልኩ፤ የወንድሜን ልጅ ለዚህ ሰው እንዲሰጡልኝ ሼሁን ወክያለሁ። ደግመህ በል አሉኝ፣ ደገምኩ። መካኒኩ ይህን ሲሰማ ሄዶ እጁን በጋዝ አሸ፣ ከዚያ በሳሙና ታጠበ፣ ቆቡን አወለቀና አጠገባችን መጥቶ ቆመ። ሼሁ ሰጡ፣ ሙሽራው ተቀበልኩ አለ። ድምፁ ወፈር ያለ ነው፣ ትንሽ ተርበተበተ፣ ደስ አለኝ። ፋቲሓ ሲደረግ እኔና እህቴ እጃችንን ዘረጋን። መካኒኩ የታጠበ እጁን እንዴት እንደሚይዘው ግራ ገብቶት ደረቱ ላይ አደረገው፤ አሜን ሲባል ግን ከሁላችንም በላይ ጮኾ አሜን አለ።

እዚያ ላይ ስልኩ ተቋረጠ። ባትሪዬ ነው። የእነሱን እልልታ አልሰማሁም።

እህቴ ከሳጥኑ ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለችና በዚያ የብረት ክምር መሃል፣ ብቻዋን፣ እልል አለች። ጥርሷ ስለጎደለ ድምፁ ይሰነጠቃል። በሩ ላይ የቆሙት የጭነት መኪና ሹፌሮች ዞረው አዩ። እኔ አፈርኩ።

"ተቋርጧል፤ አይሰሙሽም" አልኳት።

"የሚሰማ ፈልጌ መሰለህ?" አለችና ደገመችው።

ከዚያ ሳጥኑን ከፈተች። የባሏን አንዱን ኮት አውጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችው፤ ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ከቦርከና በኩል ነፋስ ጀምሮ ነበር። ሐረጎ እንዳልተከፈተ የሚመጣው ሁሉ ይነግረናል። ማሸጊያው አሁንም ማዶ ነው፣ ሠርጉም ማዶ ነው። ሽቅብ ሳይ ጦሳ የለም፣ ጉሙ ውጦታል። የምሽቱ ሶላት፣ ማግሪብ፣ ሊጠራ ነው፣ ታጥቤ ውዱዕ ማድረግ አለብኝ፣ ግን ከተቀመጥኩበት በርሜል ላይ መነሳት አቃተኝ። ተነሳ እንጂ አለችኝ እህቴ። ቆይ አልኳት። አንዴ እንኳ ሳልከራከራት፣ ቆይ ብቻ አልኳት፤ እሷም አጠገቤ ተቀመጠች።